«ባትሪ ቀይርልኝ» እና ሌሎች ስለ አሮጌ ሞተር ሳይክል ኤሌክትሪክ የሚነገሩ ስሕተቶች

ጎንደር ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል እየገፋ ወደ ጋራዥ የሚመጣ ሰው ችግሩን አይናገርም፤ የሚናገረው መፍትሔውን ነው። ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ሕመሙን ሳይገልጽ መርፌውን እንደሚያዝ በሽተኛ «ባትሪ ቀይርልኝ» ይላል። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አውጥቼ ልለካ ስል ደግሞ ጊዜውን የማባክንበት ይመስለዋል። ሥራዬ የሞተር ኤሌክትሪክ በመሆኑ ይህን አባባል የማልሰማበት ሳምንት የለም፤ ስለዚህ ከእርሱ ልጀምር።

«ሲያድር የሚወርድ ባትሪ የሞተ ባትሪ ነው።»

ባትሪ ሲያድር የሚወርድበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛው በእርግጥ ባትሪው አርጅቶ መያዝ ሲያቅተው ነው። ሁለተኛው ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ባትሪውን ሳይሞላው ሲቀር ነው። ሦስተኛው ቁልፉ ተዘግቶም ቢሆን በአንድ መስመር በኩል ኤሌክትሪክ ሲፈስ ነው። አዲስ ባትሪ የሚፈታው የመጀመሪያውን ብቻ ሲሆን፣ በሌሎቹ ሁለቱ ግን ባለቤቱ ገንዘቡን ከፍሎ የሚያገኘው የጥቂት ቀናት እፎይታ ነው።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ርካሽ ቴስተርና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል። በመጀመሪያ ባትሪው ቻርጅ ተደርጎ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ ይለካል፤ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.4 አካባቢ ከሆነ ሩብ ያህሉ ጎድሏል፣ 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። (በጣም የቆዩ አንዳንድ ሞተሮች የ6 ቮልት ባትሪ ስላላቸው አስቀድሞ የባትሪውን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል።) ቀጥሎ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) ሲዞር ይታያል፤ ሙሉ የነበረ ባትሪ በዚያች ቅጽበት ከ9.5 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ያን ጊዜ ባትሪውን መክሰስ ይቻላል። በመጨረሻ ሞተሩ ተነሥቶ በደቂቃ እስከ 5000 ዙር ገደማ ጋዝ ሲሰጠው በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። ከ13 በታች ከቀረ ጥፋቱ ያለው በስታተሩ (ኤሌክትሪኩን በሚያመነጨው ጥቅል)፣ በሬጉሌተሩ (ቮልቴጁን በሚቆጣጠረው ክፍል) ወይም ሁለቱን በሚያገናኘው ሶኬት ላይ ነው። ይህ ሶኬት በሙቀት ጠቁሮና ቀልጦ መገኘቱ የተለመደ ስለሆነ በቅድሚያ መፈተሽ ያለበት እርሱ ነው። ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ባትሪውን እያፈላው ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ አዲስ ባትሪ መግጠም አዲሱንም ለመቀቀል መስጠት ነው።

ሦስቱም ልኬቶች ደህና ሆነው ባትሪው አሁንም ሲያድር የሚወርድ ከሆነ የተደበቀ ፍሳሽ መፈለግ ያስፈልጋል። ቁልፉ ተዘግቶ የነጌቲቩ ገመድ ይፈታል፤ ቴስተሩ የ10 አምፔር መስመር ላይ ሆኖ በባትሪው ጫፍና በተፈታው ገመድ መካከል ይገባል። በዚህ ጊዜ ቁልፍ መክፈት ወይም ሞተሪኖ መንካት የቴስተሩን ፊውዝ ሊያቃጥል ይችላል። ሰዓትም ሆነ አላርም የሌለው አሮጌ ሞተር ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ሊያሳይ ይገባል። 30 ሚሊ አምፔር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በቀን 0.72 አምፔር ሰዓት ስለሚወስድ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪን በ10 ቀን ገደማ ያራቁተዋል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ አንዱ ሲነቀል ቁጥሩ ከወደቀ ጥፋቱ በዚያ መስመር ላይ ነው። ሁሉም ተነቅለው ካልወደቀ የሬጉሌተሩ ሶኬት ይነቀል፤ በብዙ አሮጌ ሞተሮች ላይ ሬጉሌተሩ በቁልፉ በኩል ሳያልፍ ከባትሪው ጋር ስለሚገናኝ፣ ውስጡ ያለው ዳዮድ ሲደክም ኤሌክትሪኩን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ኋላ ያፈሰዋል።

ከጭልጋ በኩል የመጣ አንድ የግብርና ባለሙያ ሞተር የነበረበት ችግር ይኸው ነበር። ሰውየው አዲስ ባትሪ ገዝቶ በሳምንቱ ስለወረደበት ሻጩን «አሮጌ ሸጠህልኛል» ብሎ ተጣልቶ ነበር። የሬጉሌተሩን ሶኬት በፊቱ ስነቅለው የቴስተሩ ቁጥር ዜሮ ገባ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ አየውና «እንግዲያው የመጀመሪያውም ባትሪ ደህና ነበራ!» አለ፤ ያንን ግን ለቆራሌው ሰጥቶት ነበር።

«ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ንቀል፤ ካልጠፋ ቻርጁ ደህና ነው።»

ይህን ምክር የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ በዲናሞ መኪና ዘመን ሥራውን የለመዱ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ ግን ጉዳት እንጂ መልስ አይሰጥም። ባትሪው የቮልቴጁን መዋዠቅ ስለሚያረጋጋ፣ ጋዝ ተሰጥቶ እያለ ሲነቀል ቮልቴጁ በድንገት ዘሎ አምፖሉን፣ ሬጉሌተሩን ወይም የእሳት መስጫውን ሳጥን ሊያቃጥል ይችላል። ከዚህም በላይ እሳቱን በቀጥታ ከስታተሩ የሚያገኝ ሞተር ቻርጁ ተበላሽቶም ሳይጠፋ ሊሠራ ይችላል።

«በሚኒሞ ትንሽ ካቆምኩት ይሞላል።»

አይሞላም። ሚኒሞ ማለት ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው በዝግታ ሲሠራ ነው። 35 ዋት የፊት መብራት ብቻውን 3 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ አሮጌ ስታተር ደግሞ በሚኒሞ ይህንን እንኳ ላይተካ ይችላል። ቁልቁለት ሲያገኙ ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ አውጥተው መብራት አብርተው የሚወርዱ ባለሞተሮችም፣ በፍሬን ላይ ከሚያመጡት አደጋ ሌላ፣ መንገዱን ሁሉ በሚኒሞ ቆመው እንደዋሉ ይቆጠራል።

«ፊውዙ እየተቃጠለ ስላስቸገረኝ በሽቦ አሰርኩት።»

ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ በ15 አምፔር ቦታ ሽቦ የታሰረ ቀን የሚቃጠለው ከነዳጅ ታንከሩ ሥር የሚያልፈው ገመድ ይሆናል።

«ሽቦው ከላይ ካልተላጠ ደህና ነው።»

መሪው በዞረ ቁጥር አንገቱ ጋ ያለው የሽቦ እስር ይታጠፋል፤ ከዓመታት በኋላ ላስቲኩ ሳይቀደድ ውስጡ ያለው መዳብ ይበጠሳል። ስለዚህ መብራቱን አብርቶ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር ብዙ ገንዘብ የሚያድን ፍተሻ ነው፤ መብራቱ ከተርገበገበ ቦታው ተገኝቷል። ማሳውም (ኤሌክትሪኩ በሻሲው በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት ግንኙነት) እንዲሁ ነው። የነጌቲቩ ገመድ ከሻሲው ጋር የሚታሰርበት ብሎን ክረምት በጭቃና በዝናብ፣ በጋ በላቫጆው ውሃ ግፊት ይዝጋል፤ ሲፈታ ጫፉ አረንጓዴ ዱቄት ለብሶ ይገኛል። ፍሬቻ ሲበራ የኋላ መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ አምፖል ከመግዛት በፊት ይህንን ብሎን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ይገባል። የተጠራጠረ ሰው ሞተሪኖው ሲዞር በባትሪው ነጌቲቭና በሞተሩ ብረት መካከል ይለካ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ ማሳው ጥሩ አይደለም።

«የባትሪ ውሃ ሲያንስ አሲድ ይጨመራል።»

ተንኖ የሚያልቀው ውሃው እንጂ አሲዱ ስላልሆነ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። ባትሪውን ወደ መኪና ባትሪ ቻርጅ ማድረጊያ የሚወስድ ሰውም አስቀድሞ የሞተር መሆኑን ተናግሮ ዝቅ ባለ አምፔር እንዲሞላለት ይጠይቅ፤ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ0.7 አምፔር ገደማ ቀስ ብሎ ሊሞላ የሚገባው ሲሆን፣ ለጭነት መኪና በተስተካከለ ቻርጀር ላይ ካደረ ግን ጠዋት የሚረከበው በእርግጥም የሞተ ባትሪ ነው።