ቢላ መሥራት ለመጀመር ምን ያስወጣል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቢላ ሠርተው ለመሸጥ የሚነሡ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁኝ የማሽን ዋጋ ነው። ገንዘባቸው የሚያልቀው ግን ባልጠየቁት ነገር ላይ ስለሆነ፣ በየጊዜው የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች እዚህ አንሥቻለሁ።

«ያለ ትልቅ ማሽን አይጀመርም» የሚለው ቀዳሚው ነው። በቪዲዮ የምናያቸው የውጭ አገር ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት፣ 183 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን የብርጭቆ ወረቀት ቀበቶ የሚያሽከረክረው መሞረጃ፣ ደህናው ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ያወጣል። ለመጀመሪያዎቹ ቢላዎች ግን በደንብ የታሰረ ሞርሳ፣ ሁለት ሞረድ፣ የብረት መጋዝ፣ ድሪልና የብርጭቆ ወረቀት ይበቃሉ። ቀጥቃጮቻችን በወናፍ፣ በመስፍ፣ በመዶሻና በጉጠት ማረሻውንም ማጭዱንም ቢላውንም ሲሠሩ ኖረዋል። በሞረድ ብቻ ቅርፅ ማስያዝ ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ማሽኑ የሚያሳጥረው ይህንኑ ጊዜ ነው።

«ብረት ከምናለሽ ተራ በርካሽ ይገኛል፤ ጥሬ ዕቃው አያሳስብም» የሚሉም አሉ። ብረት ሁሉ ግን ቢላ አይሆንም። ለግንባታ የሚውለው ፌሮ ያለው ካርቦን አነስተኛ በመሆኑ፣ የቱንም ያህል ቢግልና ቢነከር ለስለት የሚበቃ ጥንካሬ አያገኝም። የመኪና ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ 0.6 ከመቶ ገደማ ካርቦን ካለው ብረት ስለሚሠራ ለጀማሪ ይስማማል፤ ይሁን እንጂ ለዓመታት ጭነት ተሸክሞ ሲታጠፍና ሲዘረጋ የኖረ ባሌስትራ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል፤ ይህም የሚታወቀው ብዙ ከተለፋበት በኋላ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጦ፣ አግሎና ዘይት ውስጥ ነክሮ በሞረድ መፈተን ይገባል። ሞረዱ መስታወት ላይ እንዳለ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል፤ ከበላው ግን ወይ ሙቀቱ አንሷል፣ ወይ ብረቱ ለቢላ አይሆንም። ቁራጩ ሲሰበር ፊቱ ደቃቅና ግራጫ ከሆነ መልካም ነው፤ እንደ ጨው ቅንጣት የሚያብረቀርቅ ከሆነ ከመጠን በላይ ግሏል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያከስረው «ቀይ እስኪሆን አግሎ ውሃ ውስጥ መንከር ነው» የሚለው እምነት ነው። እኔም ከባሌስትራ የሠራሁትን የመጀመሪያ ቢላ ሦስት ቀን ስሞርደው ቆይቼ፣ ከከሰሉ እንዳወጣሁት ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ባልዲ ነከርሁት። ከውሃው ውስጥ «ጢክ» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ሳወጣው ከስለቱ ተነሥቶ ወደ ጀርባው የሚሄድ፣ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ነበረበት። የዚህ ዓይነቱ ብረት የሚነከረው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ የምግብ ዘይት ውስጥ ነው። ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ስለሚያቆም፣ መለኪያ የሌለው ሰው በማግኔት ፈትኖ ከዚያ ጥቂት ከፍ ሲል መንከር ይችላል። የጋለውን ብረት ቀለም በጠራራ ፀሐይ መለየት ስለሚያስቸግር ሥራው ጥላ ውስጥ ይሁን። የተነከረው ቢላ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ በመሆኑ፣ ሳይውል ሳያድር 200 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምድጃ ሁለት ሁለት ሰዓት ሁለት ጊዜ መቆየት አለበት። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ እንደገና መጀመር ነው፤ ቢላው በዚህ አይበላሽም። ይህ የተዘለለበት ቢላ ግን አጥንት ሲነካ ይሸረፋል።

«መሣሪያው ከተገዛ ወጪው አበቃ» የሚለውም ስሕተት ነው። የግራይንደር ድንጋይ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የእጀታ ማጣበቂያ፣ ከሰልና ዘይት በየቢላው ያልቃሉ። ያለቀ ወረቀት ለመቆጠብ ሲባል በደነዘዘው መፈተግ ብረቱን አጉል ያሞቀዋል፤ የጠነከረውም ስለት ይለሰልሳል። የአፍንጫ መሸፈኛና መነጽር ከመጀመሪያው ወጪ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ በዚንክ የተለበጠ ብረትም ጭሱ ስለሚያሳምም እሳት ውስጥ አይግባ።

«ሙያው የዘር ነው» የሚለው አባባል በዋጋ የማይተመን ጉዳት አድርሷል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ቢከለክሉም፣ ንቀቱ ብዙ የቀጥቃጭ ልጆችን ከአባቶቻቸው ወናፍ አርቋል፤ ይህም ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ዛሬ ጀማሪ መምህር የሚያጣው በዚሁ ምክንያት ጭምር ነው። ቀጥቃጭ የሚያገኝ ሰው የከሰሉን ወጪ ችሎ ጥቂት ሳምንታት አብሮት ቢሠራ፣ ብቻውን ሲሞክር የሚያበላሸውን ብዙ ብረት ያድናል።

በመጨረሻም «የብረቱን ዋጋ አስልቶ ጥቂት መጨመር ትርፍ ነው» ይባላል። ከአምስት ቢላ አንዱ ቢሰነጠቅ ድካሙና ከሰሉ በአራቱ ላይ መታሰብ አለበት፤ የሠሪው ሰዓትም እንዲሁ። ከውጭ ከሚገባው ርካሽ የወጥ ቤት ቢላ ጋር በዋጋ መፎካከር አይቻልም፤ ፉክክሩ ቶሎ በሚሳልና ስለቱ በሚቆይ ቢላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቢላዎች ከመሸጥ ይልቅ ቀኑን ሙሉ ሥጋ ለሚቆርጥ የሥጋ ቤት ሠራተኛ ለአንድ ወር አውሶ፣ ሲመለሱ ስለታቸውን በብርሃን ፊት ማየት ይሻላል፤ ስለቱ ከታጠፈ ብረቱ ለስልሷል፣ ከተሸረፈ ደግሞ ከመጠን በላይ ደርቋል።