የኮርዶባ የዋኖስ አደን፦ ከመሄድ በፊት

ኮርዶባ ሲባል ብዙ ሰው የስፔኗን ከተማ ያስባል። እዚህ የምናወራው ስለ አርጀንቲናዋ ክፍለ ሀገር ነው። ከቦነስ አይረስ ወደ ሰሜን ምዕራብ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዋና ከተማዋ በ1573 ተቆረቆረች (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዩኒቨርሲቲዋ የአገሪቱ አንጋፋ ነው። የኢየሱሳውያን ካህናት የድሮ እርሻዎችም በ2000 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ሾትገን፣ ማለትም ፍሬ የሚበትን የአደን ጠመንጃ፣ ይዞ የሚመጣው እንግዳ ግን እነዚህን ዞር ብሎም አያይ። የሚመጣው ለዋኖስ ነው።

ስለዚህ ጉዞ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ አጣሁ። እንግሊዝኛውም አብዛኛው የሎጅ ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ያነበብኩትን እና ሁለት ጊዜ ሄጄ ያየሁትን አንድ ላይ ሰብስቤዋለሁ።

ወፏና እህሉ

በአገሩ ስሟ ቶርካሳ ነው። ግራጫ ቡናማ ትንሽ ዋኖስ ናት፤ ጆሮዋ አካባቢ ጥቁር ነጥብ አላት። በአንዴ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፣ በዓመት ግን ደጋግማ ትፈለፍላለች። ምግብ እስካለ ድረስ ለመራባት ወቅት አትጠብቅም።

በማሽላ አገር ያደገ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ግሪሳ ሲመጣ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የወነጨፈ ልጅ የወፍ መንጋ ማሳ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚተርፍ ያውቃል። ኮርዶባም ላይ ጥሉ የእህል ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ዱሩ እየተመነጠረ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ሱፍ፣ ኋላም አኩሪ አተር ተዘራ። ወፏ እሾሃማ ቁጥቋጦውን ለማደሪያ፣ ማሳውን ለማዕድ አገኘች። ጠዋት ከማደሪያዋ ወጥታ ወደ ማሳው ትበራለች፣ ወደ ማታ ትመለሳለች። አደኑ የተመሠረተው በዚህ ምልልስ ላይ ነው።

ኤንሪኬ ቡቸር የተባሉ አርጀንቲናዊ ተመራማሪ ይህችን ወፍ ለአሥርት ዓመታት አጥንተዋታል። በአንድ ማደሪያ የሚሰበሰበው መንጋ ሚሊዮኖች ሊደርስ እንደሚችል፣ በመግደል ቁጥሯን ለመቀነስ የተደረጉ ሙከራዎችም ውጤት እንዳላመጡ ጽፈዋል። በክፍለ ሀገሩ ስንት ወፍ አለ ሲባል ሎጆቹ ከ20 ሚሊዮን በላይ ይላሉ። ቁጥሩ የሻጭ ቁጥር መሆኑ አይረሳ። ያም ሆኖ ሰማዩን ያየ ሰው አይከራከርም።

ወፏ እንደ ተባይ ስለምትታይ የተዘጋ ወቅት የለም፣ የቀን ኮታም የለም። ከኮርዶባ በፊት የአሜሪካ አዳኞች ኮሎምቢያ፣ ካውካ ሸለቆ ይሄዱ ነበር። ዛሬ ለዚህ አደን ኮርዶባን የሚስተካከላት ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ሒሳቡ ጥይት ላይ ነው

አጋዘን የሚያድን ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ ጥይት ላይተኩስ ይችላል። እዚህ በቀን 1,000 መተኮስ የተለመደ ነው። ለዚህ ነው የሎጁን ዋጋ ብቻ አይቶ መወሰን የሚያስተዛዝበው። አልጋው፣ ምግቡ እና መጓጓዣው ተጠቃሎ ይነገራል። ጥይቱ ግን ለብቻው ነው የሚቆጠረው። በቅርብ ዓመታት 25 ፍሬ የያዘ አንድ ፓኮ ከ15 ዶላር በላይ ሲሸጥ አይቻለሁ። 1,000 ጥይት 40 ፓኮ ነው። በ15 ዶላር እንኳ ቢታሰብ በቀን 600፣ በሦስት ቀን 1,800 ዶላር ይሆናል። ማታ ማታ ሒሳቡን የሚጠይቅ ሰው ብልህ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ የጠየቅሁት በመጨረሻው ቀን ነበር፤ እራት አልበላ አለኝ።

ጥይቱን ከቤቴ ይዤ ልሂድ ማለት ደግሞ አያዋጣም። አየር መንገዶች በአብዛኛው የሚፈቅዱት 5 ኪሎ ብቻ ነው። ይህ 140 ፍሬ ገደማ ቢሆን ነው፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ይበቃል።

ጠመንጃ እና ወረቀት

የራስን ጠመንጃ መውሰድ ይቻላል። ከአሜሪካ የሚነሳ ሰው ከመውጣቱ በፊት መሣሪያውን ለጉምሩክ አሳይቶ ፎርም 4457 ያስሞላል። ይህ ወረቀት ሲመለስ "የራሴ ነው፣ እዚያ አልገዛሁትም" የሚልበት ነው። አርጀንቲና ሲደርስ ጊዜያዊ የማስገቢያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሥራው በፊት ሬናር፣ ከ2015 ሕግ በኋላ ደግሞ አንማክ የሚባለው የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪ ነበር። ስሙም ክፍያውም ስለሚቀያየር ከመነሳት በፊት ሎጁን መጠየቅ ነው። በቦነስ አይረስ ደግሞ ከኤሴይሳ ወደ አኤሮፓርኬ፣ ከአንዱ አየር ማረፊያ ወደ ሌላው በመኪና መዘዋወር ሊኖር ይችላል። ጠመንጃ ይዞ በዚያ ትራፊክ መጉላላት አድካሚ ነው።

ስለዚህ እኔ ተከራይ እላለሁ። ሎጆቹ ጥሩ ጥሩ ጠመንጃ አላቸው። የሚመረጠው 20 ጌጅ ወይም 28 ጌጅ፣ ራሱ የሚያጎርስ፣ በጋዝ የሚሠራ ነው፤ ቤሬታ ኤ400 ዓይነቱ። በጋዝ የሚሠራው ሲተኮስ የሰደፉ ምት ይለዝባል። ጌጅ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፈሙዙ ይሰፋል፣ ምቱም ይከብዳል። ስለዚህ 12 ጌጅ ለዚህ ሥራ ጀግንነት ሳይሆን ሞኝነት ነው። የምወደው 20 ስለሆነ አድልቼ ሊሆን ይችላል። 28ን የሚምሉበት ሰዎች አሉ፤ አልጣላቸውም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው አስቀድሞ ቪዛ ይጠይቃል። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ የራሳችን አየር መንገድ ከ2018 ጀምሮ በሳኦ ፓውሎ በኩል ቦነስ አይረስ ገብቷል። ወገን ባለበት አውሮፕላን ደቡብ አሜሪካ መውረድ ደስ ይላል።

ገላ ማዘጋጀት

የብዙ ሰው ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። 1,000 ጊዜ የተመታ ትከሻ ማታ እጅ አያነሳም። ለሲሶ ሰዓት ያህል ምንም አይሰማም። ከዚያ ሰውየው ሳያውቀው ትከሻውን ከሰደፉ ማሸሽ ይጀምራል። ሰደፉ ወደ ክንድ ሲወርድ ጡንቻው ይበልዛል፤ መሳትም ይመጣል። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ የትከሻ ፓዱን ቤት ረስቼ ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን ትከሻዬ የበሰለ ዶቅማ መስሎ ነበር። አጠገቤ ሆኖ ጥይት የሚያጎርስልኝ ልጅ ሳቀና ፎጣ አጣጥፎ ከሸሚዜ ሥር ወሸቀልኝ።

ከመሄድ በፊት ሁለት ወር ያህል በየሳምንቱ የሸክላ ዒላማ መተኮስ ይጠቅማል። ክንድና ትከሻ ማጠንከርም እንዲሁ። ጓንት ይያዝ። የሚጋለውን የጠመንጃ አፈሙዝ እንኳ ብንተወው፣ አውራ ጣት ይላጣል፣ ምላጭ የሚስበው ጣትም ያብጣል። የፕላስተር ጥቅል ኪስ ውስጥ ይኑር። መነጽር ግዴታ ነው፤ ከላይ የእርሳስ ፍሬ ይዘንባል።

ጆሮ ላይ ቀልድ የለም። የአንድ ሾትገን ተኩስ ድምፅ ከ150 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ጆሮን ይጎዳል ተብሎ የሚፈራው ደግሞ ከ140 ጀምሮ ነው። ያንን በ1,000 ማባዛት ነው። ከውስጥ መድፈኛ፣ ከላይ ደግሞ የጆሮ ሽፋን፣ ሁለቱንም ማድረግ።

ቀኑ ምን ይመስላል

ጠዋት ገና ሳይሞቅ ከቁጥቋጦው ጥግ ትቆማለህ። አጠገብህ አሜሪካኖቹ "በርድ ቦይ" የሚሉት የአካባቢው ሰው አለ። ስሙ "ቦይ" ቢልም ሃምሳ ዓመት የሞላው ሊሆን ይችላል። ባልዲ ላይ ይቀመጣል፣ ጥይት ያጎርሳል፣ በአውራ ጣቱ በምትጫን ትንሽ መቁጠሪያ ወፉን ይቆጥራል። አንተ ስትስት አይናገርም። ጣቱን በትንሹ ወደፊት ይጠቁማል፣ አስቀድመህ ምታ ማለቱ ነው። እግርህ ሥር ቀለሁ ቁርጭምጭሚት እስኪደርስ ይከመራል። ጉርሻው በዶላር፣ በጥሬ ገንዘብ፣ በእጁ ቢሰጥ ይመረጣል።

ምሳ ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ በእንጨት ፍም የተጠበሰ ሥጋ፣ ቀጥሎ እንቅልፍ። ማታ ፈርኔት የሚባል መራራ የአልኮል መጠጥ በኮካ ይቀርባል፤ ኮርዶባዎች እንደ እኛ ቡና ነው የሚኮሩበት።

ክረምታቸው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ከእኛው ጋር ይገጥማል፣ ግን ደረቅ ነው። ጠዋቱ ብርድ ስለሆነ ተደራርቦ ይለበስ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሙቀትና ነጎድጓድ ነው። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2018 በዚያው ክፍለ ሀገር፣ ቪያ ካርሎስ ፓስ ላይ የወረደው በረዶ በዓለም ከታዩት ትልልቆቹ አንዱ ሆኖ ተጠንቷል። በሙቀቱ ወራት የትንኝ መከላከያ አይረሳ፤ ዴንጊ አለ።

የሚያከራክረው

ስለ እርሳሱ የሚነሳው ወቀሳ እውነት አለው። አንድ የ20 ጌጅ ጥይት 25 ግራም ያህል እርሳስ ይይዛል። አንድ ሰው በቀን 1,000 ሲተኩስ 25 ኪሎ እርሳስ መሬት ላይ ይቀራል። ወፎች እየለቀሙ ሊመረዙ እንደሚችሉ በሌሎች አገሮች በደንብ ተረጋግጧል። አደኑ የወፉን ቁጥር ይቀንሳል ወይ ለሚለው፣ የሚቀንስ አይመስልም። ሥጋው ይባክናል የሚለው ወሬ ግን ተጋኗል፤ የአካባቢው ሰው በጆንያ ሲወስድ በዓይኔ አይቻለሁ፣ የቀረውንም ጭልፊትና አሞራ ያነሳዋል። ርግብና ዋኖስ በኛ ዘንድ የየዋህ ምሳሌ ናቸውና የማይዋጥለት ሐበሻ ብዙ ነው። እናቴ እስካሁን "ምን አደረገችህ?" ትለኛለች።

ሲመለሱ

በመጨረሻው ማታ ጃኬቱንም ሱሪውንም አራግፉ። ልብሱን እጠቡ፣ እጅንም በደንብ በሳሙና። በአየር ማረፊያ ፍተሻ እጅና ሻንጣ በጨርቅ ተጠርጎ ሲመረመር የባሩድ ርዝራዥ ሊገኝ ይችላል። ሁሉም ኪስ ይፈተሽ፣ የውስጡም። በሁለተኛው ጉዞዬ ከመነሳቴ በፊት ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ከጃኬቴ ሽፋን ውስጥ፣ ከተቀደደ ኪስ የሾለከች አንዲት ያልተተኮሰች ጥይት አገኘሁ። ባዶ እግሬን ወርጄ ለዘበኛው ሰጠሁት።