ቢልድ ሺት ምንድን ነው?

በፈረንጆቹ 1970 የተሠራ ሸቬል ኤስኤስ (የሸቭሮሌ መኪና የሆነው ሸቬል ጉልበተኛው ዓይነት) ለሽያጭ ቀርቧል እንበል። ቀይ ነው። ኮፈኑ ላይ ሁለት ሰፋፊ ጥቁር መስመሮች፣ ፊቱ ላይ ደግሞ የኤስኤስ አርማ አለው። ሻጩ "454 ሞተሩን ከፋብሪካ ይዞ የወጣ ነው" ይላል፤ 454 የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ነው። ዋጋውም እንደ ወሬው ሰማይ ነክቷል። በምን ይታወቃል?

ሁላችንም መጀመሪያ የምናየው ሻንሲ ቁጥር ነው። እዚህ ግን ብዙም አያዋጣም። በዚያ ዘመን የሸቭሮሌ ሻንሲ ቁጥር የትኛው ሞተር እንደተገጠመ አይናገርም። 13637 ብሎ ከጀመረ መኪናው ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት በር ማሊቡ (የሸቬል አንዱ ዓይነት) ነው። ቀጥሎ ያለው 0 ዓመቱን፣ ፊደሉ ፋብሪካውን ያሳያል፤ ከዚያ ተራ ቁጥር ብቻ። ኤስኤስ ይሁን ተራ ማሊቡ፣ ሞተሩ 307 ይሁን 454 አይታወቅም። ከ1966 እስከ 1968 ኤስኤስ 138 የሚል የራሱ መለያ ነበረው። በ1969 ግን ራሱን የቻለ ሞዴል መሆኑ ቀረና ገዢው ከፈለገ የሚያስጨምረው ጥቅል ሆነ። በ1970 ዚ25 የሚባለው ባለ 396፣ ዚ15 የሚባለው ባለ 454 ነበር። (በነገራችን ላይ፣ 396 የተባለው ሞተር በዚያ ዓመት ሲለካ 402 ኪዩቢክ ኢንች ነው። ስሙ ገበያ ስለለመደው አርማውን አልነኩትም።)

አርማውም ኮፈኑም ዛሬ አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል። ተራ ማሊቡን ኤስኤስ ማስመሰል ለጎበዝ ጋራዥ ከባድ ሥራ አይደለም። "ክሎን" የሚሉት ይህንኑ ነው። ክሎን መሥራት ነውር የለውም፣ በክሎንነቱ እስከተሸጠ ድረስ።

ቢልድ ሺት የሚያስፈልገው እንዲህ ሲሆን ነው። መኪናው በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ሲያልፍ ምን ምን እንደሚገጠምለት ለሠራተኞች የሚነግር የታተመ ወረቀት ነው። ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ለወጥ ቤት የምታቀብለው የትዕዛዝ ወረቀት ዓይነት ነገር። በትናንሽ ሳጥኖች የተከፋፈለ ነው፤ በአንዱ የሞተሩ ኮድ፣ በሌላው የካምቢዮው፣ በሌላው የኋላ ዲፈረንሻሉ ይጻፋል። ለገዢ ተብሎ የተዘጋጀ አልነበረም። ሥራው ሲያልቅ የወረቀቱም ነገር አበቃ። መጣያ የገባ አለ፣ ሠራተኛው ያገኘበት ቀዳዳ ሸጎጥ ያደረገውም አለ።

ስለዚህ የሚፈለገው ማንም በማያየው ቦታ ነው። ክራይስለር በሠራቸው መኪኖች ላይ የኋላ መቀመጫው ሞላ መሃል ተጠቅልሎ ይገኛል። ሸቬል ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የነዳጅ ሰልባቲዮው አናት ላይ ነው። ሰልባቲዮው ሲወርድ ከሃምሳ ዓመት በላይ የቆየው ወረቀት ቡኒ ሆኖ፣ ዝገት ጠጥቶ፣ ጥጉን አይጥ በልታው ብቅ ይላል። እዚያው እንዳለ ፎቶ አንሱት፤ የተገኘበት ቦታ ራሱ ማስረጃ ነው። ከጎተታችሁት ግማሹ ብረቱ ላይ ይቀራል።

ከዚያ ዓይናችሁ ሞተሩ ላይ አይሩጥ። መጀመሪያ ሻንሲ ቁጥሩን አስተያዩ። ሠራተኞቹ ለታሪክ ብለው አልነበረምና የሚሠሩት፣ የሌላ መኪና ወረቀት የሚገኝበት ጊዜ አለ። ቁጥሩ ከገጠመ ወደ ሞተሩ ሳጥን ሂዱ። ሲአርቪ የሚል ካያችሁ ልብ ይመታል፤ ኤልኤስ6 የተባለው ባለ 450 የፈረስ ጉልበት 454 ከማንዋል ካምቢዮ ጋር ነው። ሲአርአር ከሆነ ያው ሞተር ከአውቶማቲክ ጋር። ይህ ኮድ ሞተሩ ብሎክ ላይም ተመትቷል፤ በተሳፋሪው በኩል፣ ከሲሊንደር ኼዱ ፊት ለፊት ባለችው ጠፍጣፋ ቦታ። የሻንሲ ቁጥሩ ከፊሉም እዚያው አለ።

ሁለቱን ማስተያየት ግድ ነው፣ ወረቀትም ይፎረጃልና። በሻይ ተነክሮ ያረጀ የሚመስል ወረቀት መሥራት ቀላል ነው። ብሎኩን ፍቆ አዲስ ቁጥር የሚመታም ሞልቷል። በአንዱ ብቻ የተማመነ ጉድ ይሆናል።

ወረቀቱ ከጠፋስ? ፖንቲያክ ላላቸው ዕዳው ገብስ ነው፤ የፋብሪካው ደረሰኞች ተጠብቀው ስላሉ ቅጂ በክፍያ ይገኛል። ከ1967 ወዲህ ያሉ ፎርዶችም መረጃቸው አለ። ካናዳ ውስጥ በአዲስነቱ የተሸጠ ሸቭሮሌ ከሆነ የሸቭሮሌ ባለቤት የሆነው ጂኤም በካናዳ ያለው መዝገብ ይረዳል። አሜሪካ የተሸጠ ሸቬል ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም። ሻጩ ወረቀት ከሌለው "ሰልባቲዮውን አውርደን እንይ" በሉት። ካቅማማ በማሊቡ ዋጋ ተደራደሩ።