«አማርኛውን ነጠቋት» እና ሌሎች የዩሮቪዥን ወሬዎች

እስራኤል ለአውሮፓ የዘፈን ውድድር ለዩሮቪዥን የምትልከውን ዘፈን የምትመርጥበት ወቅት በደረሰ ቁጥር፣ ድምፅ የማስተምርበት ክፍል በር ላይ አንድ የታወቀ ወቀሳ ይጠብቀኛል። ባለፈው ጊዜ ይዘውት የመጡት የአንዲት ተማሪዬ እናት ነበሩ። ስልካቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠግተው የትውልደ ኢትዮጵያዊቷን እስራኤላዊት ዘፋኝ የኤደን አለነን «ፍቅር ልቤ» እያሰሙኝ፣ «ይኸው፣ አማርኛ ስላለበት ነጠቋትና እንግሊዝኛ ሰጧት» አሉኝ። ይህንኑ ነገር ከሰርግ ቤት እስከ ለቅሶ ቤት ሰምቼ ስለሰለቸኝ፣ የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤደን «ሃኮኻቭ ሃባ» የተባለውን የቴሌቪዥን ውድድር አሸንፋ የእስራኤል ተወካይ የሆነችው በፌብሩዋሪ 2020 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው፣ በዚያ መድረክ የተመረጠችው ዘፋኟ እንጂ ዘፈኑ አለመሆኑን ነው። ዘፈኑ የተመረጠው በማርች 3 በሌላ ዝግጅት ሲሆን፣ አማርኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዓረብኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀሉበት «ፍቅር ልቤ» ከአራት ዘፈኖች መካከል አሸነፈ። በ15ኛው ቀን ግን በሮተርዳም ሊካሄድ የነበረው ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። አዘጋጁ የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት ቀጥሎ ያስታወቀው፣ የ2020 ዘፈኖች ለ2021 መቅረብ እንደማይችሉ ነው፤ ደንቡ አንድ ዘፈን ከውድድሩ በፊት ባለው ዓመት ከሴፕቴምበር 1 አስቀድሞ ለሕዝብ እንዳይወጣ ይከለክላልና። ስለዚህ የወደቀው የኤደን ዘፈን ብቻ አልነበረም፤ የ41ዱም አገሮች ዘፈን አብሮ ወድቋል።

እንዲያውም ተበደለች ከማለት ይልቅ ዕድል ቀናት ማለት ይቀላል። የእስራኤሉ የሕዝብ ማሰራጫ ካን እንደገና ተወዳደሪ ሳይል ለ2021 አጽንቷታል። በስዊድን ግን በዚያው በ2020 ያሸነፉት የድምፃውያን ቡድን ዘ ማማስ ወደ አገራቸው ምርጫ ውድድር፣ ወደ ሜሎዲፌስቲቫለን፣ ተመልሰው ከዜሮ እንዲጀምሩ ተደርገው ሦስተኛ ወጡ፤ ቦታውንም ዘፋኙ ቱሴ ወሰደው። ለኤደን ከቀረቡት የመጨረሻ ሦስት ዘፈኖች እንግሊዝኛ የሚበዛበትን «ሴት ሚ ፍሪ» የመረጠው ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ነው። በዚህ ቅር የሚለው ሰው ካለ አልፈርድበትም፤ እኔም ብጠየቅ የመጀመሪያውን ዘፈን አስበልጣለሁ። ነገር ግን ቅር መሰኘት ሌላ፣ ተነጠቅን ማለት ሌላ ነው። በሁለተኛው ዘፈን ለፍጻሜ አልፋ በ93 ነጥብ 17ኛ ወጥታለች፤ ዘፈኑ ውስጥ ያወጣችውን ያንን የፉጨት ያህል የቀጠነ ድምፅ የሚሞክሩ ተማሪዎቼ ጉሮሯቸውን ይዘው ሲመጡ የማክማቸው እኔ ነኝ።

ተወካይ የሚልከው መንግሥት ነው የሚባለውም ስሕተት ነው። ውድድሩ የማሰራጫ ጣቢያዎች ነው፤ አመራረጡንም እያንዳንዱ ጣቢያ በራሱ መንገድ ያደርገዋል። የጣሊያኑ ጣቢያ ራይ ለሳንሬሞ የዘፈን ፌስቲቫል አሸናፊ ቅድሚያ ይሰጣል፤ በ2025 አሸናፊው ኦሊ አልሄድም በማለቱ ሁለተኛ የወጣው ሉቺዮ ኮርሲ ሄዷል።

ዘፋኙ የአገሩ ዜጋ መሆን አለበት የሚል ደንብም በውድድሩ የለም፤ ካናዳዊቷ ሴሊን ዲዮን በ1988 ያሸነፈችው ለስዊዘርላንድ ዘፍና ነው። ከኤርትራውያን ወላጆች ጣሊያን ቦሎኛ የተወለደችው ዘፋኝ ሰንሂትም የዘፈነችው ለሳን ማሪኖ ነው።

«እስራኤል አውሮፓ ሳትሆን ከገባች ኢትዮጵያ ለምን አትገባም?» ለሚሉኝ መልሱ የመልክዓ ምድር ጉዳይ ሳይሆን የአባልነት ጉዳይ ነው። የእስራኤል ማሰራጫ የኅብረቱ ሙሉ አባል ነው፤ ሞሮኮም በዚሁ መንገድ በ1980 አንድ ጊዜ ተወዳድራለች። የኢትዮጵያ ጣቢያ ሙሉ አባል አይደለም። ከ2015 ጀምሮ የምትታየው አውስትራሊያ በግብዣ የገባች ናት።

በአማርኛ መዝፈን አይፈቀድም የሚለውን በአንድ መስመር ልለፈው፤ በአገር ቋንቋ የመዝፈን ግዴታው ከ1999 ጀምሮ ቀርቷል። በእርግጥ የሚያግደን ደንብ ሌላ ነው፤ ዘፈኑ ከ3 ደቂቃ መብለጥ የለበትም፣ መድረክ ላይም ከስድስት ሰው በላይ አይወጣም። ስምንት እስክስታ መቺ ይዤ እወጣለሁ የሚል ሰው ሦስቱን ከወዲሁ ይሰናበታቸው። መሰንቆ ይዞ መውጣት ይቻላል፤ ሆኖም ዋናው ድምፅ በቀጥታ ሲዘፈን፣ የመሣሪያው ድምፅ ከተቀዳው ነው የሚሰማው።

ከላይ ያነሳኋቸው እናት ልጅም ለሙከራ ያመጣችው ዘፈን 4 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 50 ሴኮንዱ የመሰንቆ መግቢያ ነው። ሰዓት ይዘን ተቀመጥንና ከመግቢያው አራት ምት ብቻ አስቀርተን፣ የአዝማቹን ሦስተኛ ድግግሞሽ ሰርዘን፣ አንድ ስንኝ ቆርጠን ወደ 2 ደቂቃ ከ56 አወረድነው። እናትየው በሩን ገፋ አድርገው የተቆረጠውን አንድ ጊዜ ካዳመጡ በኋላ «መሰንቆውንም ነጠቃችኋት?» አሉኝ።