ከቅሪተ አካል ነዳጅ መዋዕለ ንዋይን የማስወጣት ንቅናቄ

ይህ ንቅናቄ፣ የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት ዩኒቨርሲቲዎች፣ የጡረታ ፈንዶች፣ የሃይማኖት ተቋማትና ባንኮች በድንጋይ ከሰል፣ በነዳጅ ዘይትና በተፈጥሮ ጋዝ አምራች ኩባንያዎች ውስጥ ያላቸውን አክሲዮንና ቦንድ እንዲሸጡ፣ አዲስም እንዳይገዙ የሚጠይቅ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ነው። አበዳሪዎችና የመድን ድርጅቶች ለአዳዲስ የነዳጅ ጉድጓዶችና ማስተላለፊያ መስመሮች ብድርና ዋስትና እንዳይሰጡ መወትወትም የዘመቻው አካል ነው።

ስልቱ የተወረሰው ከፀረ አፓርታይድ ትግል ነው። በ1977 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ሀምፕሻየር ኮሌጅ በደቡብ አፍሪካ ከሚሠሩ ኩባንያዎች ገንዘቡን በማስወጣት ከአሜሪካ ኮሌጆች ቀዳሚ ሆነ። በዚያ ትግል የተሳተፉት ደቡብ አፍሪካዊው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ በ2014 ተመሳሳይ እርምጃ በነዳጅ ኩባንያዎች ላይ እንዲወሰድ መጠየቃቸው ለዘመቻው ታላቅ የሞራል ስንቅ ሆኖታል።

የንቅናቄው ታሪክ ሲነሳ ቀድሞ ሊጠራ የሚገባው የፔንስልቬንያው ስዋርትሞር ኮሌጅ ተማሪዎች ስም ነው። የድንጋይ ከሰል ለማውጣት በአፓላቺያ ተራሮች ላይ የሚደርሰውን ጥፋት የተመለከቱት እነዚህ ወጣቶች፣ ኮሌጃቸው ከዘርፉ እንዲወጣ ከ2011 አካባቢ ጀምሮ መጠየቅ ያዙ። በዚያው ዓመት ካርቦን ትራከር የተባለው የጥናት ተቋም ባወጣው ስሌት መሠረት፣ የዓለም ሙቀት ጭማሪ ከ2 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ እስከ 2050 ሊለቀቅ የሚችለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 565 ቢሊዮን ቶን ሲሆን፣ ኩባንያዎችና መንግሥታት በክምችት የያዙት ነዳጅ ቢቃጠል ግን 2,795 ቢሊዮን ቶን ይለቀቃል። ከክምችቱ አብዛኛው መሬት ውስጥ መቅረት ካለበት፣ በእርሱ ላይ የተመሠረተው የአክሲዮን ዋጋም የተጋነነ ነው ማለት ነው። ጸሐፊው ቢል ማክኪበን ይህን ስሌት በ2012 ለሰፊው ሕዝብ አደረሰ፤ 350 ዶት ኦርግ የተባለው ድርጅት ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ ከተሞች እየተዘዋወረ ዘመቻውን በየዩኒቨርሲቲው ተከለ። በሜይን ግዛት የሚገኘው አነስተኛው ዩኒቲ ኮሌጅ በኅዳር 2012 የመጀመሪያውን ሙሉ ውሳኔ አሳለፈ። የስዋርትሞር ቦርድ ግን በ2015 የራሱን ተማሪዎች ጥያቄ ውድቅ አድርጓል።

በ2014 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከድንጋይ ከሰል ኩባንያዎች ለመውጣት ወሰነ። ሀብታቸው ስታንዳርድ ኦይል ከተባለው የነዳጅ ኩባንያ የመነጨው የሮክፌለር ቤተሰብ ወራሾች የሚመሩት የሮክፌለር ወንድማማቾች ፈንድም ያንኑ መንገድ ተከተለ። የኖርዌይ ፓርላማ በ2015 ግዙፉ የመንግሥት ፈንድ ከገቢያቸው 30 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነውን ከድንጋይ ከሰል ከሚያገኙ ኩባንያዎች እንዲወጣ ወሰነ፤ አየርላንድ በ2018 ጉዳዩን በሕግ ደነገገች። ብዙ ትዕግሥት የጠየቀው ሀርቫርድ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በ2013 የተቋሙ ሀብት የፖለቲካ ለውጥ መሣሪያ ሊሆን አይገባም ብለው ጥያቄውን ቢመልሱም፣ ተማሪዎቹና ምሩቃኑ አልተበገሩም፤ በኅዳር 2019 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ሆነው በሁለቱ ተቋማት የእግር ኳስ ግጥሚያ እረፍት ላይ ሜዳውን ሞሉት፤ በርካቶችም ታሰሩ። በመስከረም 2021፣ ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያስተዳድረው ሀርቫርድ በነዳጅ ፍለጋና ማምረት ኩባንያዎች ውስጥ በቀጥታ ገንዘብ እንደማያውል አስታወቀ።

ቃል የገቡት ተቋማት ከ1,600 በላይ እንደሆኑና ጠቅላላ ሀብታቸውም ከ40 ትሪሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ የዘመቻው መዝገብ ያሳያል፤ ይህ አኃዝ የተቋማቱን ሀብት በሙሉ እንጂ ከነዳጅ የወጣውን ገንዘብ አያመለክትም።

ተቺዎች አንዱ የሸጠውን አክሲዮን ሌላው ስለሚገዛው የሚቀንስ ጭስ የለም፣ ይልቅስ ባለአክሲዮን ሆኖ ከውስጥ መታገል ይሻላል ይላሉ። በ2021 ኤንጅን ቁጥር 1 የተባለ አነስተኛ ፈንድ በኤክሶንሞቢል ቦርድ ሦስት መቀመጫ ማሸነፉ ለዚህ ክርክር ጉልበት ሰጥቶታል። በ2013 የወጣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ግን የዘመቻው ቀጥተኛ የገንዘብ ጫና ትንሽ ቢሆንም በዘርፉ ላይ የሚያሳድረው ነቀፌታ ከዚያ እንደሚልቅ አመልክቷል፤ ሼል ራሱ በ2018 ይፋ ባደረገው ዓመታዊ ሪፖርት ዘመቻውን ለንግዱ ስጋት አድርጎ መመዝገቡ ይህን አባባል ያጠናክረዋል። ድሃ አገሮች ጋዛቸውን የማልማት ዕድል ይነፈጋሉ የሚለው ቅሬታም በተለይ ከአፍሪካ መንግሥታት ይሰማል።

በአፍሪካ ትልቁ ፍልሚያ ከኡጋንዳዋ ሆይማ እስከ ታንዛኒያዋ ታንጋ በሚዘረጋው 1,443 ኪሎ ሜትር የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ላይ ነው። በርካታ ታላላቅ የምዕራብ ባንኮች ለሥራው እንደማያበድሩ ቢያሳውቁም፣ በ2025 የአፍሪካ ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክን (አፍሪኤግዚምባንክ) ጨምሮ የአህጉሩ ባንኮች የመጀመሪያውን ዙር ብድር ሰጥተዋል። በዚያው ዓመት፣ ታላላቆቹ የአሜሪካ ባንኮች ጥለውት የወጡት ለተጣራ ዜሮ ልቀት (ወደ አየር የሚለቀቀው ጋዝ ከአየር ከሚወገደው እንዳይበልጥ ለማድረግ) የተቋቋመው የባንኮች ኅብረት ሥራውን አቁሟል።