«ልጅ በዕድሉ ያድጋል»፦ ማን፣ ለማን፣ ምን ይዞ ሲለው?

ትርጉሙ ለማንም አይጠፋም። ወላጅ ቢደኸይ፣ አባት ባይኖር እንኳ ሕፃኑ የተጻፈለት አለና ያድጋል፣ አትጨነቁ ነው ነገሩ። «የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» የሚለውም የቅርብ ዘመዱ ነው። ብዙዎች አባባሉን ከሃይማኖት ጋር ብቻ አያይዘው ያልፉታል፤ እኔ ግን እምነት ብቻውን ይህን ያህል ዘመን አላቆመውም ባይ ነኝ።

ርስት በነበረበት ጊዜ በጎጃምና በጎንደር የገበሬ ልጅ በአባቱም በእናቱም ወገን የመሬት ድርሻ የመጠየቅ መብት ይዞ ይወለድ ነበር። አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው ጥጃና ፍየል ይጠብቃል። እናቱ አራስ ሳለች ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገንፎውንና አጥሚቱን ይዞ ይገባል። በአርባ ወይም በሰማንያ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ደግሞ የክርስትና አባት ወይም እናት ይጨመርለታል። የዚያ ሕፃን ዕድል እንግዲህ መሬት፣ ዘመድ፣ ጎረቤትና የክርስትና ቤተሰብ ነበር። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የምትለዋ አሮጊት ባዶ እጇን አልመጣችም።

ያን ዘመን ግን አላሞካሸውም። «ቆማ ቀረች» እንዳትባል በልጅነቷ የተዳረች ሴት በአሥራ አምስት ዓመቷ ብትወልድ ያረገዘችው ልጅ ናት ብሎ የሚደነግጥ አልነበረም፤ ባል አላትና። ያለ ባል ያረገዘችው ግን ገንፎውም ጥየቃውም ይቀርባታል፤ ልጇ «ዲቃላ» ይባላል፣ ሲያድግም «ሴት ያሳደገው» የሚል ስድብ ይጠብቀዋል። ዕድሉን የሚያድለው መንደሩ ነበር፤ መንደሩም ይመርጣል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስት ቀረ፤ አባባሉ ቀጠለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረገው፤ የወንጀል ሕጉም ያለ ዕድሜ ጋብቻን በእስራት ያስቀጣል። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች 13 በመቶው ወልደው ወይም አርግዘው ተገኝተዋል። በአዲስ አበባ 3 በመቶ ብቻ ሲሆን በአፋር 23 ደርሷል። ይህን ልዩነት ዕድል ነው ብሎ ማለፍ ይከብደኛል፤ ትምህርት ቤቱ የት እንዳለና ልጅቷ በስንት ዓመቷ እንደተዳረች መጠየቅ ይሻላል።

ዛሬ አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ስለ እርዳታ ሲወራ ነው። አንዱ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል፣ መንግሥት ምን አገባው» ይላል። ሌላው እርዳታ ሰውን ጥገኛ ያደርጋል፣ ልጃገረዶችም እንዲወልዱ ያበረታታል ብሎ ይሠጋል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለዚህ ሥጋት ጥሩ መፈተኛ ነው። ችግረኛ ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ተሳትፎ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል። እርጉዟ ግን ቆይቶ በተሻሻለው መመሪያ መሠረት ከአራተኛ ወሯ ጀምሮ ልጇ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከአካፋና ከዶማ ነፃ ሆና ድጋፉን ታገኛለች። ታዲያ የታቀፉትን ቤተሰቦች ያጠኑ ተመራማሪዎች ያገኙት የተፈራውን አልነበረም፤ ወሊድ ቀንሷል፣ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያሉ ሴቶች ልጆችም በወላጆቻቸው ቤት በርከት ብለው ተገኝተዋል። ምክንያቱ የጋብቻ መዘግየት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ነገሩ ብዙም አያስገርምም፤ ጎተራው ያልጎደለበት አባት ልጁን ለመዳር ምን ያስቸኩለዋል?

ድጋፉ የማይደርስባቸው በሮች ግን አሉ። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ብታረግዝ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ የሰጠው የ120 ቀን ፈቃድ አይመለከታትም፤ አዋጁ የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንምና። አሠሪዋ ሻንጣዋን በር ላይ አስቀምጣ «አይዞሽ፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብትላት በዚህ አዋጅ የሚጠይቃት የለም።