የጽጌረዳዋ ስም፦ ጨለማው ገዳምና የመነኮሳቱ ሞት

«የጽጌረዳዋ ስም» ፈረንሳዊው ዣን-ዣክ አኖ ያዘጋጀውና በ1986 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለዕይታ የበቃ ፊልም ነው። መነሻው ጣሊያናዊው ኡምቤርቶ ኤኮ በ1980 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው።

ጊዜው 1327፣ ቦታው በሰሜን ጣሊያን ተራራ ላይ ያለ የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም ነው። ፍራንሲስካዊው መነኩሴ ዊልያም (ሾን ኮነሪ) ከወጣቱ ደቀ መዝሙሩ ከአድሶ (ክርስቲያን ስሌተር) ጋር ለሃይማኖት ክርክር ይመጣል። ሲደርስ አንድ መነኩሴ ሞቷል። ሌላው ደግሞ የአሳማ ደም በሞላ ጋን ውስጥ ተዘቅዝቆ ይገኛል። አስከሬኖቹ ላይ ጣትና ምላስ ጠቁሯል።

ፊልሙን ደጋግሜ የማየው ግን ለገዳዩ ብዬ አይደለም። ገዳዩን አንዴ ካወቁት አወቁት። የሚመልሰኝ ጨለማው ነው። የፊልሙ የትዕይንት ንድፍ ባለሙያ ዳንቴ ፌሬቲ የገዳሙን ውጫዊ ክፍል ከሮም ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ከነግንቡ አቆመው፤ በዘመኑ በአውሮፓ ከተሠሩት ትልልቅ የፊልም መንደሮች አንዱ እንደነበር ይነገራል። ብዙው የውስጥ ትዕይንት የተቀረጸው በጀርመን፣ በ1136 በተመሠረተው የኤበርባህ ገዳም ስለሆነ ድንጋዩ የእውነት ድንጋይ ነው፣ ብርዱም ከስክሪኑ ወጥቶ አጥንት ድረስ ይሰማል። ካሜራውን የያዘው የሰርጂዮ ሊዮኔ የካውቦይ ፊልሞች ባለሙያ ቶኒኖ ዴሊ ኮሊ ነው። ብርሃኑ ከጠባብ መስኮት ወይም ከሻማ የሚመጣ ይመስላል፤ የቀረው ጥቁር ነው። ፊቶቹም እንደዚያው። ጥርሱ የወላለቀ፣ የተጨማደደ፣ ዓይኑ የጠፋ። ብዙ ቋንቋ አደባልቆ የሚያወራውን ጎባጣውን ሳልቫቶሬ የተጫወተው ሮን ፐርልማን ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የዘመኑ ኑሮ እንዳይዛባ ደግሞ ታላቁ የታሪክ ሊቅ ዣክ ለ ጎፍ አማካሪ ሆኗል።

ቤተ መጻሕፍቱ ለብቻው ያስደንቃል። ደረጃ በደረጃ ላይ የተቆለለ፣ የገባ የማይወጣበት ግንብ ነው። አድሶ እንዳይጠፋ ከልብሱ ክር እየተረተረ ይሄዳል።

ታሪኩ በሙሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን የመናፍቃን መርማሪው ቤርናርዶ ጊ በእውን የነበረ ሰው ሲሆን እስከ 1331 ኖሯል። ፊልሙ ግን እዚያው ገደል ይከተዋል። በመጽሐፉ ለእሳት የተፈረደባት ድሃ ልጅም እዚህ ትተርፋለች። ይህ ለውጥ ብዙ አንባቢ አስቀይሟል፤ እኔ ግን የልጅቷን መትረፍ አልጠላሁትም።

አሜሪካ ውስጥ ብዙም አልታየም። አውሮፓ ግን ወደደው፤ በፈረንሳይ የሴዛርን የውጭ ፊልም ሽልማት ሲያገኝ፣ ኮነሪ ደግሞ በብሪታኒያ የባፍታ ምርጥ ተዋናይ ተባለ።

መነኮሳቱን የገደለው መርዝ የተቀባው በአንድ መጽሐፍ ብራና ጠርዝ ላይ ነበር። አንባቢ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ሲገልጥ ራሱን በራሱ ይገድላል። በመጨረሻ ገዳዩ መጽሐፉን ለዊልያም እንዲያነበው ሲሰጠው፣ ዊልያም ቅጠሎቹን የሚገልጠው ጓንት አጥልቆ ነው።